ወንበሩ ተነሥቶ ጥላው የቀረበት ክፍል

ሦስት ሳምንት ሙሉ የደከምኩበትን አውሬ እትዬ ግራጫ በአንድ ትንፋሽ ገደለችው።

«ይሄማ ጥርስ አለው» አለች፣ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ይዛ እንደ እርጥብ ካልሲ እያንጠለጠለች። «ጥርስ ያለው ነገር ይነክሳል፣ ነክሶም ያበቃል። ሰው የሚፈራው የማያበቃውን ነው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጥላ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ጥግዋ ተመለሰች። እኔ ተናደድኩ። አለቃችን ግን አንዴ አውሬውን አንዴ እሷን አየና «እስቲ ያለ አውሬ እንሞክረው» አለ።

ስቱዲዮአችን ስድስት ሰው የሚሠራባት ጠባብ ቤት ናት። ከምድር ጎሚስታ፣ ከሱ በላይ ልብስ ሰፊዎች፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኛ። ከታች ጎማ በተነፋ ቁጥር ብርጭቆዎቻችን ይንቀጠቀጣሉ። ከዓመት ዓመት የምንሠራው ማስታወቂያ ነበር፤ የሚጨፍር የሳሙና አረፋ፣ የሚስቅ የጥርስ ብሩሽ። ያን ዓመት ግን አለቃችን «ከመሞቴ በፊት አንድ የራሴን ነገር ልሥራ» ብሎ ተነሣና ለአዋቂዎች የሚሆን የሃያ ደቂቃ አስፈሪ አኒሜሽን ጀመርን። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ የምትኖርበት ቤት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል፤ ከእሷ በቀር ማንም አያስተውልም። ሰዎቹን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። እትዬ ግራጫ ደግሞ ሰዎቹ የሚኖሩበትን ትሥላለች፦ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ብርሃኑን። የጀርባ ሥዕል ይባላል። ተመልካች ጀርባውን ልብ አይልም የሚሉ አሉ፤ እሷ ፊት እንዲህ ያለ ሰው ግን ሁለተኛ አይደግመውም።

ያኔ አርባ ሰባት ዓመቷ ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከቤት ወጥታ ከአጎቷ ጋር የሱቅ ታፔላ ስትጽፍ ነው ብሩሽ የያዘችው። አላገባችም፤ ለምን ሲሏት «ከወንድ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መብላት አልወድም» ትላለች፣ እኛም እንስቃለን። ግራጫ ያልናት ጥቁር ቀለም ከቱቦ ጨምቃ ስለማታውቅ ነው። ግራጫዋን ከቀይና ከአረንጓዴ፣ ከብርቱካንማና ከሰማያዊ ትቀምመዋለች። «ከቱቦ የወጣ ግራጫ ሞቶ የተወለደ ነው፤ የኔ ግን ኖሮ ነው የሞተው» አለችኝ አንድ ቀን። ቁጡ ናት። ስትቆጣ ግን አትጮህም። ድምፅዋ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ይሄድና ለመስማት ጠጋ ማለት አለብህ፤ ጠጋ ስትል ነው የምትቃጠለው።

የፊልሙን መመገቢያ ክፍል በአሥራ አንድ ቀን ጨረሰችው። ላይ ላዩን ስታየው ምንም የለውም። እስከ ወገብ አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ኖራ የተቀባ ግድግዳ። ጠረጴዛ፣ አምፖል፣ ሦስት ወንበር። ሆኖም አንድ ነገር ልክ አይደለም። ምን እንደሆነ ለማወቅ እኔ የሙያው ሰው እንኳ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ጠረጴዛውን የሣለችው ከላይ ቆሞ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ወለሉን ደግሞ ተንበርክኮ እንደሚያይ። ሁለቱ አይገጥሙም፤ ሰውነትህ ሳይታወቅህ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ግን ሰማይ ሳይሆን ያው አረንጓዴ ግድግዳ ነው። ጣሪያው በየትዕይንቱ አንድ ጣት ዝቅ ይላል። ብርሃኑ ከአምፖሉ አይመጣም፤ ከጠረጴዛው ሥር ነው የሚመጣው። ወለሉ ላይ ደግሞ የአራት ወንበር ጥላ አለ። ወንበሮቹ ሦስት ናቸው።

አለቃችን ሥዕሉን አየና ሄዶ መስኮት ከፈተ። ያን ቀን ነው አውሬዬን ከልቤ የሸኘሁት።

ዓመት ከመንፈቅ ሠራንበት። ፊልሙ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው አለቃችን የአንድ ደቂቃ ቅንጭብ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ፤ መመገቢያ ክፍሉ ያለበትን። በሳምንቱ ከቀትር በፊት አንድ ኮት የለበሰ፣ መነጽሩ የነጻ ሰውዬ ሳያንኳኳ ገባ። የእትዬ ግራጫ ታላቅ ወንድም ነው። ፋርማሲ አለው። በዚያ ሰፈር «የርእሰ መምህሩ ልጅ» ይሉታል፤ አባታቸው ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ያስተዳደረ፣ ሲሞት ሰፈሩ ነቅሎ የቀበረው የተከበረ ሰው ነበር።

«ያን ቤት ማን ፈቀደልሽ?» አላት፣ ለማናችንም ሰላምታ ሳይሰጥ።

«የትኛውን ቤት፣ ጋሼ?»

«አታላግጪብኝ። አረንጓዴውን ግድግዳ አውቀዋለሁ።»

«አረንጓዴ ግድግዳ ያለው ቤት በዓለም ላይ የኛ ብቻ ነው እንዴ?»

«ወንበሩንም አውቀዋለሁ።»

እሷ ብሩሽዋን አስቀመጠች። ድምፅዋ ዝቅ ማለት ጀመረ። «ወንበሩ እኮ የለም» አለችው። «ያየኸው ጥላውን ነው። ማንም ሰው ሲያየው የምን ጥላ ነው ብሎ ይጠይቃል። አንተ ግን አልጠየቅክም።»

የወንድምየው ፊት ደም መሰለ። «ገበናችንን አደባባይ አወጣሽው። ሙት ወቃሽ ነሽ። አባዬ አንድ ቀን እጁን አንሥቶብን አያውቅም፤ እማዬንም እንደዚሁ።»

«አዎ» አለች። «እጁን የሚፈልገው ወንበር ለማንሣት ነበር።»

ሰውየው ወደ አለቃችን ዞረና፣ ፊልሙ እንዲህ እንዳለ ከወጣ ጠበቃ እንደሚያቆም ነግሮት ወጣ። እትዬ ግራጫ ብሩሽዋን አነሣች፤ ምንም ሳትቀባ መልሳ ውሃ ውስጥ ከተተችው። በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

ርእሰ መምህሩ በቤቱ ጮሆ አያውቅም። እናትየው ካጠፋች፣ ማለትም ሩዙ ካረረባት፣ እንግዳ ፊት ሐሳቡን ካረመችው፣ እህቷ ዘንድ ሄዳ አንድ ሰዓት ካረፈደች፣ ምንም ሳይናገር ወንበሯን ከጠረጴዛው አንሥቶ ዕቃ ቤት ያስገባዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወንበሩ እስኪመለስ ድረስ እናት የለችም። ማንም አያናግራትም፣ ማንም አይመልስላትም፣ ማንም ዓይኑን አያሳርፍባትም። ታበስላለች፣ ታቀርባለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች። እነሱ ይበላሉ። ጨው ስታቀብላቸው ጨው በራሱ እግር እንደመጣ አስመስለው ይቀበላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራት ቀን ነው። አንድ ጊዜ ግን አርባ አንድ ቀን ቆየ።

«ጎረቤት ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ?» አለችኝ። «ከቤታቸው ኮሽታ የማይሰማ፣ የታደሉ ናቸው።» ዳቦዋን ቆርሳ ሳትበላው መልሳ ጠቀለለችው። «እንደዚህ ያለውን ነገር ደምና ጥርስ አድርገህ እንዴት ትሥለዋለህ? ምንም የሆነ ነገር የለም እኮ። ወንበር ነው የተነሣው።»

በሚቀጥለው ሳምንት የጠበቃው ደብዳቤ መጣ። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። እትዬ ግራጫን ጠርቶ ግድግዳውን ሰማያዊ እንድታደርገው፣ አራተኛውን ጥላ እንድታጠፋው ለመናት። «እምቢ» አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ እኔን ጠራኝ። አውሬውን መልሼ እንዳስገባው፣ ቤቱን የሚለዋውጠው አውሬው እንደሆነ እንዳደርገው ጠየቀኝ። ግድግዳውን ደግሞ እዚያው ኮምፒውተር ላይ እንድለውጠው። እምቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ሁለት ሳምንት አንገቴን ደፍቼ ሠራሁት፤ እስከ ዛሬ ያንን ሳስብ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ስታየው አልጮኸችም። አጠገቤ ቆማ እስከ መጨረሻው አየችው። አውሬው ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ወንበሩን ቆረጣጥሞ ሲበላ አየችው።

«አሁን ሁሉም ሰው ነጻ ወጣ» አለች፣ ከመስማት በታች በሆነ ድምፅ። «ሰውየው ነጻ ነው። ጎረቤቱ ነጻ ነው። አውሬ ነዋ ያደረገው። ተመልካቹም ቤቱ ገብቶ፣ ከአልጋው ሥር አይቶ፣ አውሬ እንደሌለ አረጋግጦ ይተኛል። እኔ ግን እንዲተኛ አልነበረም የሣልኩት።» ወደ እኔ ዞራ ዓይኔን አየችኝ። «አንተ ደግሞ ይሄን ሁሉ እያወቅክ ሠራኸው።»



አለቃችን አዲሱን ለመሞከር ልብስ ሰፊዎቹንና ጎሚስታውን ጠራ። አውሬው ሲወጣ ልብስ ሰፊዎቹ ሳቁ። ጎሚስታው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ላለማስቀየም ያህል «ጥሩ ነው፤ እንስሳው ደስ ይላል» አለ። እትዬ ግራጫ ማንንም ሳታስፈቅድ የፊተኛውን አስጀመረችላቸው። መመገቢያ ክፍሉ ሲመጣ ሳቁ ቆመ። አንዷ ልብስ ሰፊ ተነሥታ አምፖሉን አበራችው። ጎሚስታው ደግሞ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «የሚስቴ አባት ቤት እንዲህ ነበር» አለና ወረደ።

አለቃችን ጭንቅላቱን ያዘ። አንደኛው ያስቃል፣ ሌላው ያስከስሳል። በዚህ መካከል ነው ወንድምየው ነገሩን ልጨርሰው ብሎ እናቱን ይዞ የመጣው። ደብዳቤው የሟች ሚስት ተቃውማለች የሚል ነበር፤ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው።

አሮጊቷ ሦስቱን ፎቅ በየመታጠፊያው እያረፈች ወጣች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ቡናማ ካፖርት ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጅዋ ይዛለች። እትዬ ግራጫ ወንበር አቀረበችላት። እናትየው ወንበሩን ትንሽ አየችውና ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ይህችን እዪና እዚህ ጋ ፈርሚ፣ እንሂድ» አለ ልጅዋ።

የፊተኛውን አሳየናት፣ አውሬ የሌለበትን። ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ሳትነቃነቅ አየችው። ሲያልቅ «ድገሙልኝ» አለች። ደገምንላት። መመገቢያ ክፍሉ ጋ ሲደርስ «እዚህ ላይ አቁሙት» አለችን። አቆምነው። ሥዕሉ ግድግዳውን ሞልቶ ቆመ፦ አረንጓዴው፣ የማይገጥመው ወለል፣ ሦስቱ ወንበር፣ አራቱ ጥላ።

«ጥላው ልክ ነው» አለች።

«እማዬ፣» አለ ወንድምየው፣ ብዕሩን እየዘረጋላት።

«ቆይ እስቲ አንተ።» ወደ ሴት ልጅዋ ዞረች። «ወንበሮቹ ላይ ማን ነው የተቀመጠው?»

እትዬ ግራጫ ግራ ገባት። «ማንም የለም፣ እማዬ። ባዶ ናቸው። ክፍሉ የሚያስፈራው ባዶ ሲሆን ነው።»

«ማንን?»

እትዬ ግራጫ ወደ ሥዕሉ ዞረች።

«እኔን ባዶ ክፍል አስፈርቶኝ አያውቅም» አለች እናትየው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው እትዬ ግራጫ ቁጣዋን ከማን እንደወረሰች የገባኝ። «ባዶ ሲሆንማ አርፍ ነበር። እናንተ ትምህርት ቤት፣ እሱ ሥራ ስትሄዱ ወለሉ ላይ እቀመጥ ነበር። እኔ የምፈራው ስትመጡ ነው። እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ጸጉራችሁ ተበጥሮ፣ ትቀመጣላችሁ። አንተ አሥራ አራት ዓመትህ፣ አንቺ ዘጠኝ። ሾርባ ስጨምርልሽ ሳህንሽን ትዘረጊልኛለሽ፤ ዓይንሽ ግን ግድግዳው ላይ ነው። ምግቡን ወደሽው ፈገግ ትያለሽ። ለሾርባው። የታለ ይሄ? የት አደረግሽው?»

«ልጅ ነበርኩ፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ። ልጅ ነበርሽ፣ ፈርተሽም ነበር። ለዚያ አንድ ቀን ወቅሼሽ አላውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ። ይሄን ስትሥዪ ግን ልጅ አይደለሽም። አባትሽን ሣልሽው፣ ቤቱን ሣልሽው፣ የኔን ወንበር ሣልሽው። ራስሽን አውጥተሽ በሩን ዘጋሽ።»

ወንድምየው ጉሮሮውን ጠረገ። «አየሽ እማዬ፣ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ነገሩን ማንሣቱ ራሱ...»

«አንተ ዝም በል» አለችው። «በየወሩ መድኃኒቴን ልወስድ ስመጣ፣ ከአባትህ ፎቶ ሥር ታቆመኛለህ። ደንበኞችህን እስክትጨርስ። አንድ ቀን ‘ቁጭ በይ’ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ያ መነጽሩ የነጻ ሰውዬ ብዕሩን እንደዘረጋ ነበር። እሷ ብዕሩን ተቀብላ ክዳኑን ገጠመችለትና መልሳ ኪሱ ውስጥ አደረገችለት። «የምፈርመው የለኝም» አለች። ከዚያ እኛን ተሰናብታ፣ ቦርሳዋን አንሥታ፣ ብቻዋን ደረጃውን ወረደች። ወንድምየው ተከተላት። ታች በደረሱ ጊዜ በመስኮት አየኋቸው፤ እሷ ከፊት፣ እሱ አምስት እርምጃ ከኋላ፣ ሳይነጋገሩ።

እትዬ ግራጫ ሁለት ቀን ሥራ ቀረች። በሦስተኛው ቀን መጥታ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ሰው መሣል አልችልም» አለችኝ። «ታውቃለህ። ሃያ ዓመት ሙሉ ባዶ ክፍል ነው የሣልኩት። ሁለት ልጆች ያስፈልጉኛል። ወንድ፣ አሥራ አራት። ሴት፣ ዘጠኝ። አሠራሩን አሳየኝ፤ ፊታቸውን ግን እኔ ራሴ ነኝ የምሥለው።»

አለቃችን ደብዳቤውን አስታወሳት። «ከሳሽዋ አልፈረመችም» አለችው፤ አለቀ። ሰማያዊውን ግድግዳ ጣልነው። አውሬውን እኔው ራሴ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት፤ ያ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ አይበቃም ነበር፣ እሷም አልተቀበለችውም። ወር ሙሉ ከሥራ ቃል በቀር አላናገረችኝም።

እነዚያን ልጆች ስትሥል በሕይወቴ እንደዚያ የተቆጣ ሰው አላየሁም። ወረቀት ትቀድዳለች፣ ብሩሽ ትሰብራለች፣ እንደገና ትጀምራለች። መጀመሪያ ላይ የሚያሳዝኑ ልጆች አደረገቻቸው፤ ዓይናቸው የቀላ፣ ትከሻቸው የወደቀ። አይታቸው «ውሸታም» አለች፣ ለራሷ፣ ቀደደቻቸው። ቀጥሎ ክፉ ልጆች አደረገቻቸው። እነሱንም ቀደደች። በመጨረሻ ያገኘችው ከሁለቱም የተለየ ነበር። ጤናማ ልጆች። በዚያ ሁሉ ግራጫና የታመመ አረንጓዴ መካከል፣ ለሁለቱ ልጆች ብቻ ሞቃት ቀለም ሰጠቻቸው፤ ቀላ ያለ ጉንጭ፣ የሚያብረቀርቅ ጸጉር፣ ንጹሕ ኮሌታ። ከጠረጴዛው ሥር የሚመጣው ብርሃን አገጫቸው ሥር ቀስ ብሎ ያርፋል። ይበላሉ። እኔ ያንቀሳቀስኩት ማንኪያውን ብቻ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከፍሬሙ ጠርዝ አንድ እጅ ይገባል፣ ጨው ያስቀምጣል፣ ይወጣል። ልጅቱ ጨውን ታነሣለች፣ ፈገግ ትላለች። ወደ እጁ ግን አትዞርም። ሌላ ምንም የለም። አርባ አንድ ሰከንድ ይቆያል፤ ስንት ሰከንድ እንደሚሆን አለቃችን ሊከራከራት ሞክሮ ፊቷን አይቶ ተወው።

«በአባዬ መናደድ ቀላል ነበር» አለችኝ ያንን ትዕይንት የጨረስን ቀን፣ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ሞቷል። አይመልስልህም።»

ፊልሙን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ኮሌጅ አዳራሽ አሳየነው። ዘጠና የሚያህል ሰው መጣ። ልጆቹ መብላት ሲጀምሩ ከኋላ አንድ ጎረምሳ ሳቀ፤ ማንኪያው አሥረኛ ጊዜ ሲወጣ ግን ዝም አለ። አንዲት ሴት ልጅዋን አቅፋ ወጣች። ሲያልቅ ጭብጨባው ዘግይቶ መጣ፣ የማያምር ጭብጨባ ነበር፣ ሰው መጨብጨብ ይገባው እንደሆነ ሳይወስን የሚያጨበጭበው ዓይነት። ወንድምየው አልመጣም። አልከሰሰምም። ፎቶውን ከፋርማሲው አውርዶታል የሚሉ አሉ፤ እኔ ሄጄ አላየሁም፣ መድኃኒት የምገዛው ሌላ ጋ ነው።

እናትየው ግን መጥታ ነበር፤ ፊት ለፊት፣ በካፖርቷ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ እትዬ ግራጫ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ምን እንደተባባሉ ሰኞ ዕለት ቀለም እያደባለቀች ነገረችኝ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እማዬ፣ አልኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«‘ሰምቻለሁ’ አለችኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም?»

«አላለችም። ‘ሰምቻለሁ’ አለችኝ፣ ከዚያ ታክሲ ጥሪልኝ አለች።» ቢጫውን አብዝታበት ኖሮ ድብልቁን ደፋችው። ድምፅዋ በጣም ዝቅ ብሎ ነበርና መቆጣቷን አወቅሁ። በማን እንደሆነ ግን አልጠየቅኋትም።